ክረምት ሳይገባ አሸንዳን ማጽዳትና መጠገን፦ ለቆርቆሮ ቤት ባለቤቶች ዝርዝር መመሪያ

ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት ይወጣል። ብዙ ሰው ወዲያው የሚጠረጥረው ቆርቆሮውን ነው። ሠራተኛ ተጠርቶ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ የሚስማሩ ራስ ሁሉ ሬንጅ ይቀባል፣ ብር ይከፈላል። በሚቀጥለው ከባድ ዝናብ ቀለበቱ ሰፍቶ ይመለሳል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ በተንጠለጠለው አሸንዳ ውስጥ ስለሆነ ነው። አሸንዳው ተደፍኖ ውሃው ሲሞላ በኋላ በኩል ወደ ፋሻው ጣውላ (አሸንዳው የሚሰቀልበት የጣሪያ ጠርዝ ጣውላ) ይሻገራል፣ ከዚያ ኮርኒሱ ላይ ይወርዳል።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለቱን ይለዩ። እርጥበቱ ከውጭ ግድግዳው ግማሽ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ ከሆነ፣ ደግሞም የሚታየው ዶፍ ሲጥል ብቻ ከሆነና ካፊያ ላይ ከሌለ፣ አሸንዳውን ይጠርጥሩ። ክፍሉ መሀል ላይ ከሆነ፣ ወይም በቀላል ዝናብም ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ፣ የቆርቆሮ ቀዳዳ ወይም የላላ ሚስማር ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ነው።

የውሃውን መጠን ማወቅ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት ላይ በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3,000 ሊትር ይወርዳል፤ ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሦስቱን ይሞላል። ይህ ሁሉ የሚያልፈው ጡጫ በማታህል የአሸንዳ አፍ በኩል ነው። እዚያ ላይ አንድ እፍኝ የባህር ዛፍ ቅጠል ከተቀመጠ የቀረው ግልጽ ነው።

መቼ ይጸዳል?

ለአዲስ አበባና ለመሰል ደጋና ወይና ደጋ ከተሞች ዋናው ጽዳት ግንቦት አጋማሽ ላይ ነው። የበልጉ ዝናብ አልፏል፣ የበጋው አቧራና ቅጠል ተከማችቷል፣ የተገኘውን ቀዳዳ ለመድፈንና ለማድረቅም ፀሐያማ ቀናት ይቀራሉ። ሰኔ ከገባ በኋላ የተቀባ ሲልከን ሳይደርቅ ዝናብ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ሐምሌ አጋማሽ ላይ የሚደረግ ፈጣን ፍተሻ ነው። ሦስተኛው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ለቆርቆሮው ዕድሜ ግን ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው እሱ ነው። ከክረምት የተረፈው እርጥብ ጭቃ በጋውን ሙሉ አሸንዳው ወለል ላይ ተጣብቆ ከቆየ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ልባስ ከሥር ይበላዋል። ቤቱ አጠገብ ጽድ፣ ግራቪሊያ ወይም ባህር ዛፍ ካለ የካቲት ላይ አንድ ጊዜ ይጨምሩ። የጽድ ቅጠል ቅንጣቱ ደቃቅ ስለሆነ ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል እንደ ምርጊት ይደርቃል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ጠንካራ መሰላል፣ ወፍራም የጎማ ወይም የቆዳ ጓንት (የቆርቆሮ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል)፣ ገመድ የታሰረበት ባልዲ፣ ጆንያ፣ ረጅም የውሃ ጎማ፣ ለስላሳ የመጥረጊያ ብሩሽ፣ 5 ሜትር ያህል ጠንከር ያለ ሽቦ ወይም ተጣጣፊ የኤሌክትሪክ ቱቦ፣ ውሃ ልክ፣ ሲባጎ እና ሜትር።

ለመዛቂያ ብረት አካፋ ወይም የግንበኛ ማንኪያ አይጠቀሙ። ብረት ዚንኩን ይፍቃል፤ የተፋቀው መስመር በሚቀጥለው ዓመት የዝገት መስመር ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ባዶ የ5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ነው። ታቹን በሰያፍ ይቁረጡት፤ እጀታው እንዳለ ይቅር። የተቆረጠውን አፍ ከአሸንዳዎ ቅርጽ ጋር አስተካክለው ይከርክሙት፤ አሸንዳው ካሬ ከሆነ ካሬ፣ ግማሽ ክብ ከሆነ ግማሽ ክብ። ፕላስቲኩ ስለሚተጣጠፍ ጥግ ድረስ ይገባል፣ ቆርቆሮውንም አይጭርም።

ለጥገና ደግሞ ገለልተኛ (ኒውትራል) የሚባለው ሲልከን ከነመግፊያው፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ለጋልቫናይዝድ (ዚንክ ለተለበጠ) ብረት የሚሆን አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ የሪቬት መምቻና ሪቬት፣ የቆርቆሮ መቀስ፣ ቁራጭ ላሜራ። ሲልከኑን ሲገዙ ሻጩን ይጠይቁ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈውንም ያንብቡ። ሲከፈት እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ለመስታወትና ለሴራሚክ የሚሠራ ነው። የሚለቀው አሲድ ጋልቫናይዝድ ቆርቆሮን ስለሚያዝግ ከተቀባ ጥቂት ቆይቶ ከሥሩ ይላቀቃል።

ከመውጣትዎ በፊት፦ መብራትና መሰላል

በብዙ ቤት ከምሰሶ የሚመጣው የመብራት ገመድ የሚታሰረው ጣሪያው ጠርዝ ላይ፣ አሸንዳው አጠገብ ነው። በፀሐይና በንፋስ ሽፋኑ የተላጠ ገመድ አሸንዳውን ከነካ ብረቱ በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። መሬት ላይ ቆመው ገመዱ የሚያልፍበትን ሁሉ በዓይንዎ ይከተሉ። ገመዱ አሸንዳውን ወይም ቆርቆሮውን የሚነካ ከሆነ፣ ወይም የተላጠ ቦታ ካለው፣ ሥራውን እዚያው ያቁሙና ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ያመልክቱ። ቆጣሪው ላይ ያለውን ማጥፊያ መዝጋት በቂ አይደለም፤ የሚያጠፋው ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ብቻ ነው። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ገመድ እንደያዘ ይቆያል። ገመዱ ጤነኛ ቢሆንም የብረት መሰላል በአጠገቡ አያቁሙ፣ በ2 ሜትር ዙሪያም እርጥብ ዕቃ ይዘው አይሥሩ።

መሰላሉ የእንጨት ከሆነ እያንዳንዱን መወጣጫ መሬት ላይ አስተኝተው ረግጠው ይፈትሹ። የባህር ዛፍ መሰላል ሲደርቅ ሚስማሩ ይላላል። ሲያቆሙት ለየ4 ሜትሩ ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ፤ አሸንዳው 3 ሜትር ላይ ከሆነ 75 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። አናቱን አሸንዳው ላይ አያስደግፉ፤ ስስ ቆርቆሮ የሰው ክብደት ሲመጣበት ይጨራመታል፣ ማንጠልጠያውም ይነቀላል። መሰላሉ አናት ላይ አንድ ሜትር ያህል ጣውላ አግድም ይሰሩበትና ጣውላው ግድግዳው ላይ ይረፍ። ከታች አንድ ሰው ይያዝ። አንድ ቦታ ቆመው እጅ የሚደርሰውን ያህል ብቻ ይሥሩ፣ ከዚያ ወርደው መሰላሉን ያዛውሩ። ብዙ ሰው የሚወድቀው «ይቺን ብቻ» ብሎ ወደ ጎን ሲንጠራራ ነው።

ጣሪያው ላይ ወጥቶ መሥራት አይመከርም። ግድ ከሆነ ሚስማሩ የተሰለፈበትን መስመር ብቻ ይርገጡ፤ ሥሩ ሞራሌ (ቆርቆሮውን የሚሸከመው እንጨት) ያለው እዚያ ነው። ስስ ቆርቆሮ በሁለት ሞራሌ መሀል ሲረገጥ ይጎደጉዳል፣ ጉድጓዱም ውሃ ያቁራል። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ በጭራሽ አይውጡ።

ጽዳቱ

1. ከአሸንዳው አፍ ይጀምሩ፤ አፍ የምንለው ውሃው ወደ ቁልቁል ቱቦው የሚወርድበትን ቀዳዳ ነው። ከሌላው ጫፍ ከጀመሩ እየገፉ ያመጡት ቆሻሻ ሁሉ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሁለተኛ ሥራ ይሆናል። አፉ ላይ ያለውን በእጅዎ ያውጡና ቀዳዳውን በጨርቅ ይወትፉት።

2. ከአፉ እየራቁ ደረቁን ቅጠል በእጅ፣ ከሥር ያለውን ጭቃ በጀሪካኑ እየዛቁ ባልዲው ውስጥ ይጨምሩ። ላዩ ደረቅ ቅጠልና የወፍ ጎጆ ሣር ነው። ከሥሩ ጥቁር፣ የሚሸትና የሚያጣብቅ ድፍድፍ አለ፤ አንዳንዴ የግራር ወይም የሣር ችግኝ በቅሎበት ያገኙታል። ሥሩን ቀስ አድርገው ይንቀሉ፣ በመገጣጠሚያው ስንጥቅ ገብቶ ከሆነ በኃይል አይጎትቱት። ድፍድፉ የደረቀ ከሆነ ውሃ ረጭተው ግማሽ ሰዓት ይተዉት፤ አይፋቁት።

3. ቆሻሻውን ወደ ታች አይወርውሩ። ግድግዳ ላይ የተረጨ የአሸንዳ ጭቃ ቀለሙ ላይ የማይለቅ ጥላ ይጥላል። ባልዲውን በገመድ ያውርዱ። ድፍድፉ ለአትክልት ሥር ጥሩ ነው፤ የባህር ዛፍ ቅጠል የበዛበትን ግን ችግኝ አጠገብ አያድርጉት።

4. ወለሉን በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ያሹ። ጨርቁን አሁንም አያንሱ። የቀረውን አሸዋ መሰል ዝቃጭ በእጅ ጠርገው ይጨርሱ።

5. ጨርቁን ያንሱና ከሩቁ ጫፍ ጎማ ይክፈቱ። ውሃው ሳይቆም ወደ አፉ መሮጥ፣ በቱቦውም ጥርት ብሎ መውረድ አለበት።

የወፍ ጎጆ ላይ አንድ ማሳሰቢያ፦ የእርግብ ኩስ ሲደርቅ አቧራው ለሳንባ መጥፎ ነው። አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ አስቀድመው በውሃ ያርጥቡት። ጫጩት ካለ አንድ ሁለት ሳምንት ጠብቀው ጎጆውን ያንሱ።

ቁልቁል ቱቦው ሲደፈን

ጎማው ተከፍቶ ውሃው አፉ ላይ ከቆመ ቱቦው ተደፍኗል። የሚደፈነው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቦታ ነው፤ ከአሸንዳው ወደ ግድግዳው በሚመለስበት ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ላይ፣ ወይም መሬት አጠገብ ባለው የመጨረሻ ጎሚቶ ላይ። የት እንደሆነ ለማወቅ ቱቦውን በጣትዎ ከታች ወደ ላይ እያንኳኩ ያዳምጡ። ባዶው ይጮኻል፣ የተሞላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል።

ሁልጊዜ ከታች ይጀምሩ። ከላይ በእንጨት መግፋት እንቅፋቱን ያጠብቀዋል። የታችኛውን ጎሚቶ ፈተው ያውጡ፣ ሽቦውን ጫፉን እንደ መንጠቆ አጥፈው ወደ ላይ ይስደዱና እየጎተቱ ያውርዱ። ከዚያ የጎማውን አፍ ከታች አስገብተው ዙሪያውን በጨርቅ ወትፈው ውሃ ወደ ላይ ይልቀቁ። የፒቪሲ ቱቦ ከሆነ ግፊቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ፤ በኮላ ያልተያያዘ መገጣጠሚያ ሊላቀቅ ይችላል። ደግሞም የቱቦ መክፈቻ ኬሚካል አይጠቀሙ፤ ዚንክን ይበላል፣ የሚወርደውም ግቢዎ ላይ ነው።

በየዓመቱ የሚደፈን ቱቦ ጠባብ ነው ማለት ነው። ቀላል መለኪያ አለ፦ ለ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የቱቦ ስፋት። ባለ 75 ሚሊ ሜትር ቱቦ የውስጡ ስፋት 38 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ለ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ገደማ ይበቃል። ባለ 110 ሚሊ ሜትሩ ግን 85 ካሬ ሜትር ያህል ይችላል። በሦስት ክፍል ቤት ላይ ባለ 50 ሚሊ ሜትር የመታጠቢያ ቤት ቱቦ ተሰክቶ ማየት የተለመደ ነው፤ ያንን የትኛውም ጽዳት አያድነውም። ቱቦውም በየ1.5 ሜትሩ በማሰሪያ ግድግዳው ላይ ይታሰር። የተንጠለጠለ ቱቦ በክብደቱ አሸንዳውን ወደ ታች ይጎትታል፣ የአፉም ብየዳ ይሰነጠቃል።

ቁልቁለቱን መፈተሽ

ንጹሕ አሸንዳ ውስጥ ዝናብ ካቆመ ከሰዓታት በኋላም ውሃ ተኝቶ ከቀረ ቁልቁለቱ ተበላሽቷል። ደንቡ በ1 ሜትር ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር መውረድ ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር ከሆነ አፉ ያለበት ጫፍ ከሌላኛው ቢያንስ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። አሸንዳው ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ በአንድ አፍ አይሠራም፤ መሀሉን ከፍ አድርጎ በሁለት በኩል ማፍሰስ ይሻላል።

ለማስተካከል ሲባጎ ከጫፍ ጫፍ ይወጥሩ፤ መጀመሪያ በውሃ ልክ ቀጥ ያድርጉት፣ ከዚያ አፉ በኩል ያለውን የተሰላውን ያህል ዝቅ ያድርጉ። አሁን የአሸንዳው ጠርዝ ከሲባጎው የራቀበት ቦታ ሁሉ ይታይዎታል። የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ ማንጠልጠያ ነው፤ ሚስማሩ ከፋሻው ጣውላ ወጥቷል፣ ወይም ከመጀመሪያውኑ በየ1.5 ሜትሩ ተራርቆ ነው የተተከለው። ማንጠልጠያ ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ አይራራቅ። በተለይ በረዶ በሚጥልበት ጊዜ በበረዶ የተሞላ አሸንዳ ክብደቱ ብዙ ነው፣ መሀሉ የሚጎብጠው ያን ቀን ነው። የወጣውን ሚስማር መልሶ መምታት ዋጋ የለውም፤ ቀዳዳው ሰፍቷል። ከጎኑ አዲስ ቦታ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የእንጨት ብሎን በካቻቪቴ ይሰሩ። ጣውላው ራሱ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ከሆነ በስብሷል፤ ያ ቁራጭ ሳይለወጥ ምንም ነገር አይያዝበትም።

እግረ መንገድዎን ሁለት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ የቆርቆሮው ጠርዝ አሸንዳው ውስጥ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መግባት አለበት። አጭር ከሆነ ውሃው ከቆርቆሮው ሥር ተጠማዞ ወደ ፋሻው ይመለሳል፤ አሸንዳው ቢጸዳም ጣውላው ይበሰብሳል። መፍትሔው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ላሜራ በቆርቆሮው ሥር አስገብቶ ጠርዙን ወደ አሸንዳው ማጠፍ ነው። ሁለተኛ፣ የአሸንዳው የፊት ከንፈር ከኋለኛው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። እንዲህ ከሆነ አንድ ቀን ቢሞላ እንኳ ወደ ውጭ ይፈሳል እንጂ ቤት ውስጥ አይገባም። ይህ ትንሽ ልዩነት ስንት ኮርኒስ ያድናል!

ቀዳዳና መገጣጠሚያ መጠገን

ከሥር ቆመው ሲመለከቱ መገጣጠሚያው ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ፣ ከጀርባዋ ቡናማ ሽንትር ካዩ፣ እዚያ ያፈሳል። ለመጠገን ቦታው ፍጹም መድረቅ አለበት፤ ቢያንስ አንድ ሙሉ ፀሐያማ ቀን ይጠብቁ።

መገጣጠሚያው የተላቀቀ ከሆነ አሮጌውን ሲልከን ወይም ሬንጅ ሙሉ በሙሉ ያስወግዱ። በአሮጌው ላይ የተደረበ አዲስ አይይዝም። ሁለቱ ቆርቆሮዎች 10 ሳንቲ ሜትር ይደራረቡ፤ ከላይ የሚሆነው ውሃው ከሚመጣበት በኩል ያለው ነው፣ ተገላቢጦሽ ከሆነ ውሃው መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። በመሀላቸው ሁለት መስመር ሲልከን ያድርጉ፣ በየ4 ሳንቲ ሜትሩ በሪቬት ያጣብቁ፣ የየሪቬቱን ራስ ከውስጥ በኩል በሲልከን ይሸፍኑ። 24 ሰዓት ውሃ አይንካው።

ቀዳዳው ከሚስማር ራስ ካልበለጠ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሽተው በሲልከን ብቻ ይድፈኑት። እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከየአቅጣጫው 5 ሳንቲ ሜትር የሚተርፍ ላሜራ ከውስጥ በኩል በሲልከንና በሪቬት ይለጠፍ። ወለሉ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ከሆነ ግን አይድከሙ፤ ያንን ርዝመት ቆርጦ መለወጥ ይቀላል፣ ይረክሳልም። ሲያሠሩ ጂ-28 ወይም ከዚያ የወፈረ ላሜራ ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውፍረቱ ይጨምራል። ለክዳን የሚሸጠው ጂ-32 ለአሸንዳ ስስ ነው።

የዝገቱን ቀለም ማንበብ ይማሩ። ነጭ፣ ዱቄት መሰል ነገር ካዩ እየተበላ ያለው ዚንኩ ነው፤ ብረቱ ገና ደህና ነው። አጥበው፣ አድርቀው፣ ለጋልቫናይዝድ የሚሆነውን አንቲረስት ቢቀቡት ብዙ ዓመት ያቆይዎታል። ቀይ ቡናማ ከሆነ ብረቱ ተጋልጧል፤ በሽቦ ብሩሽ እስኪነጣ ድረስ ያሹ፣ በዚያው ቀን ይቀቡት። አዲስ ጋልቫናይዝድ ላይ ተራ የዘይት ቀለም በቀጥታ አይቀቡ፤ ዚንኩ ከዘይቱ ጋር ስለሚብላላ ቀለሙ ብዙም ሳይቆይ እንደ ልጣጭ ይነሳል።

ሬንጅስ? ለአንድ ክረምት ጊዜያዊ ማስታገሻ ይሆናል። የቀን ፀሐይ ያቀልጠዋል፣ የሌሊት ብርድ ያሰነጥቀዋል፤ ከሥሩ የገባው ውሃም መውጫ አጥቶ ቆርቆሮውን በስውር ይበላዋል።

ከፓራፔት ጀርባ የተደበቀው አሸንዳ

በአዳዲስ ቪላዎችና ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች አሸንዳው ከመንገድ አይታይም፤ ከፓራፔቱ (ከጣሪያው ጠርዝ በላይ ከፍ ብሎ ከሚሸፍነው ግድግዳ) ጀርባ በኮንክሪት የተሠራ ቦይ ነው። መልኩ ያምራል። አደጋው ግን ከተንጠልጣዩ ይበልጣል፤ ተንጠልጣዩ የፊት ከንፈሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ሲሞላ ውጭ ይፈሳል፣ ይህ ሲሞላ ግን ከቆርቆሮው ሥር ገብቶ የሚወርደው ሳሎን ውስጥ ነው። የዚህ ቤት ባለቤት የሐምሌውን ፍተሻ በየሁለት ሳምንቱ ቢያደርገው አይበዛበትም።

መጀመሪያ የሚፈለገው የማስተንፈሻ ቀዳዳ ነው። ፓራፔቱን በስቶ ወደ ውጭ የሚወጣ፣ ከቦዩ ወለል ከፍ ያለ፣ ቆርቆሮው ከሚያርፍበት ግን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ ቱቦ መኖር አለበት። አፉ ሲደፈን ውሃው በዚህ ይወጣል፤ ከውጭ ግድግዳ ላይ ውሃ ሲወረወር ሲያዩ አፉ እንደተደፈነ ያውቃሉ። ከሌለ ያስበሱ። ባለ 75 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ፣ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘነበለ፣ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር የወጣ። በዚህ መመሪያ ካለው ሥራ ሁሉ አንዱን ብቻ ማድረግ የሚችል የቪላ ባለቤት ይህንን ያስቀድም።

ቀጥሎ ቦዩን ጠርገው ይፈትሹ። አፉን በጨርቅ በተጠቀለለ ኳስ ደፍነው 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሙሉና ደረጃውን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ዝቅ ካለ፣ ወይም ከታች ኮርኒሱ ወይም ኮንክሪቱ ከረጠበ፣ ቦዩ ተሰንጥቋል። በስሚንቶ መለሰን አይረዳም፤ ቀንና ሌሊት በሙቀትና በብርድ ስለሚለጠጥና ስለሚኮማተር እዚያው መስመር ላይ እንደገና ይሰነጠቃል። በእሳት የሚለጠፈው ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ) ይሻላል፣ በባለሙያ እጅ። በሁለቱም ጎን ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ይውጣ፣ አፉም ውስጥ ታጥፎ ይግባ። ብዙ ሥራ የሚበላሸው አፉ ዳር ላይ ተቆርጦ ስለሚቀር ነው።

ውሃው የት ይሄዳል?

ከጣሪያው በትክክል የወረደ ውሃ ግድግዳው ሥር ከተደፋ ጉዳቱ ቦታውን ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በጭቃና በእንጨት የተሠራ ቤት ከሆነ የሚረጨው ውሃ የግድግዳውን የታችኛውን ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበላል፣ የማገሩና የቋሚው እግር ይበሰብሳል። በብሎኬት የተሠራ ቤት ደግሞ ጥቁር አፈር ላይ ካረፈ ሌላ ችግር አለ። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አንድ ጥግ ብቻ ከቁልቁል ቱቦ በሺህ የሚቆጠር ሊትር ሲጠጣና ሌላው ጥግ ሲደርቅ መሠረቱ እኩል አይንቀሳቀስም። በመስኮትና በበር ጥግ ላይ በሰያፍ የሚሄደው ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ምንጩ ይህ ነው። ስንጥቁን በየዓመቱ ከመለሰን ቱቦውን በሁለት ሜትር ማስረዘም ይቀድማል።

ስለዚህ የቱቦውን ጫፍ ከመሠረቱ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ዋልካ ላይ ከሆነ 3 ሜትር ያርቁት፤ በሲሚንቶ ቦይ ወይም በተቀበረ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ወደ መንገድ የዝናብ ቦይ ይምሩት። ወደ ሴፕቲክ ታንክ ወይም ወደ መጸዳጃ ፍሳሽ መስመር በጭራሽ አያገናኙ። አንድ ዝናብ ታንኩን ይሞላዋል፣ ቆሻሻውም በመጸዳጃ ቤት በኩል ይመለሳል። ወደ ጎረቤት ግቢ የሚያፈስ አሸንዳም በቶሎ ይታረም፤ የእርስዎ ጣሪያ ውሃ የሰው መሠረት እየበላ መሆኑን አስበው ጎረቤትዎ ሳይናገሩዎት ይቅደሟቸው።

ውሃውን ለማጠራቀም ከፈለጉ የመጀመሪያውን ዝናብ አይቀበሉ። ለ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ መጀመሪያ የሚወርደው 50 ሊትር ያህል አቧራና ኩስ ነው፤ እሱን የሚቀበል ትንሽ በርሜል ከሮቶው በፊት ያድርጉ። ከዚያ በኋላ ያለው ለልብስ፣ ለጽዳትና ለአትክልት ያገለግላል። ለመጠጥ ግን ሳይፈላ አይሁን።

ቆላማ ከተማ ላይ የሚኖር ሰው ይህን ሁሉ በሌላ ምክንያትም ያድርገው። ድሬዳዋ በ2011 ዓ.ም. በቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ስትታመም በሽታውን የሚያስተላልፈው ትንኝ የሚራባው በየቤቱ በቆመ ትንሽ ውሃ ውስጥ ነበር። ቁልቁለቱ የተበላሸ አሸንዳ አንዱ መራቢያ ነው። በሞቃት አየር እንቁላሉ በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ትንኝ ሆኖ ይወጣል። ውሃ ከዝናብ በኋላ ከሁለት ቀን በላይ መቆም የለበትም።

ወንፊት ማድረግ ይጠቅማል?

አሸንዳውን ከዳር እስከ ዳር በሽቦ ወንፊት መሸፈን ዛፍ ከሌለበት ግቢ አያስፈልግም፤ ጽድ ባለበት ደግሞ ይጎዳል፣ ቅጠሉ ዓይኑን ሞልቶ ክዳን ይሠራበታልና ውሃው ከላይ ተንሸራቶ ያልፋል። በረዶ ሲጥልም እላዩ ላይ ይቆለላል። የሚጠቅመው አፉ ላይ ብቻ የሚቀመጥ፣ እንደ እንቁላል ጉልላት ወደ ላይ ያበጠ የሽቦ ቆብ ነው። ዓይኑ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጋልቫናይዝድ ሽቦ 20 በ20 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው፣ በጠርሙስ ታች ላይ ጠምዝዘው፣ እግሮቹን ወደ ቀዳዳው ያስገቡ። ጠፍጣፋ ወንፊት አንድ ቅጠል ይደፍነዋል፤ ጉልላቱ ግን ታቹ በቅጠል ቢከበብ እንኳ በአናቱ ያሳልፋል። የትንኝ መከላከያ ስስ ሽቦ ለዚህ አይሆንም፣ ዓይኑ ከመጠን በላይ ደቃቅ ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዶፍ ሲጥል ጃንጥላ ይያዙና ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙሩት። መሰላል አያስፈልግም። ከአሸንዳው ከንፈር በየት በኩል እንደሚንጠባጠብ፣ የትኛው ቱቦ ከሌሎቹ ያነሰ ውሃ እንደሚያወርድ፣ ከፋሻው ጀርባ ግድግዳው ላይ የሚወርድ እርጥበት ካለ፣ ውሃው መሬት ከደረሰ በኋላ ወደ የት እንደሚሄድ ይመልከቱ። ያዩትን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ ፀሐይ ሲወጣና ሠራተኛ ሲመጣ ሁሉም ደርቆ ቦታው አይገኝም።